ቀለበት ያልተሰቀለበት ሱቅ

አቶ እንግዳወርቅ ከአውቶቡስ ወርደው ልጃቸውን ገና ሲያዩ ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ እሷ አመሩ። ብሩክታዊት ግን ባለችበት ቆማ ሁለቱን መዳፎቿን ገልጣ አሳየቻቸው። ሽማግሌው ዕቃቸውን የጠየቀቻቸው መሰላቸው። ትከሻቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ጥቅል አውርደው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

«ከባድ አይደለም። የእናትሽ ነጠላና ትንሽ በሶ ነው» አሉ።

ብሩክታዊት ጥቅሉን ታቀፈች። በዙሪያቸው ከአውቶቡሱ የወረደው ሰው ሁሉ መዳፉን ያሳያል፤ ሊቀበለው የመጣውም «ታይቷል» ይላል፤ ከዚያ ጎን ለጎን ሆነው ይሄዳሉ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰላምታ ይኸው ነው። መተቃቀፍ ከቀረ ቆይቷል። ሲተቃቀፉ የሰው ብብትና ወገብ ስለሚነካ ሕጉ ያለፈቃድ ፍተሻ ይለዋል፤ መናኸሪያው ደግሞ የግል ኩባንያ ግቢ ስለሆነ እንደ ሱቅ ሁሉ ይኸው ሕግ ይገዛዋል።

«አባዬ፣ እጅህን አሳየኝ።»

«እጄ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። እዚህ ሰላም የሚባለው እንዲህ ነው።»

አቶ እንግዳወርቅ መዳፋቸውን መጀመሪያ ራሳቸው አገላብጠው አዩት። ከዚያ አሳዩዋት።

«ታይቷል» አለች።

«እጄን አየሽ፤ እኔንስ?» አሉና ሳቁ። እሷም ሳቀች።

የመጡት ለጥየቃ አልነበረም፤ ለመኖር ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሻል በመስከረም ካረፉ ወዲህ መንዝ ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ነበሩ። ስኳር አለባቸው፤ ዓይናቸውም ደክሟል። መርፌውን የሚወጉላቸው ወይዘሮ ይመኙሻል ነበሩ። በጥቅምት አንድ ማለዳ ራሳቸው ሊወጉ ሞከሩ፤ መጠኑን ሳቱትና ወደቁ። ጨው ልትበደር የገባች ጎረቤት ደረሰችላቸው። የአካባቢው ጤና ሠራተኛ ለብሩክታዊት ደውላ፣ «ጎረቤት ሁልጊዜ ጨው አያልቅበትም፤ ውሰጂያቸው» አለቻት። ብሩክታዊት ወንድምም እህትም የላትም።

የብሩክታዊት ቤት ሱቋ ነው። ከፊት የልብስ ስፌት መኪናዎቹ፣ ከመጋረጃው ኋላ አልጋና ምድጃ። መግቢያው አንድ በር ብቻ ስለሆነ በሕግ ፊት አልጋዋም ሳይቀር የንግድ ቦታ ነው።

የምትተዳደረው በብብት ኪስ ነው። የመሣሪያ አዋጁ ከወጣ ወዲህ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ሽጉጡን ልብሱ ውስጥ ሸሽጎ ማንኛውም ሱቅ፣ ምግብ ቤትና ፀጉር ቤት መግባት ይችላል። ባለሱቁ «ይዘሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይፈቀድለትም። መጀመሪያ የያዙት ፈሪዎች ነበሩ፤ ቀጥሎ እነሱን የፈሩ ያዙ፤ በመጨረሻ ያልያዘ ሰው እንደ ግዴለሽ ይታይ ጀመር። አሁን ካፖርቱም፣ ሹራቡም፣ የሙሽራ ቀሚሱም ውስጡ በቆዳ የተደገፈ ኪስ አለው። ብሩክታዊት ሰው ስትለካ የምትጠይቀው፣ «ቀኝ ነዎት ግራ?» ብቻ ነው። «ግራ» ይላሉ። ስለ ሽጉጥ የሚተነፍስ የለም።

ወረፋ ጠባቂዎች ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ሊያስል የፈለገ አስቀድሞ «ላስል ነው» ይላል። መሐረብ የፈለገ «መሐረብ» ብሎ በሁለት ጣት ቀስ አድርጎ ያወጣል። ከበሩ በላይ ያለው፣ ዓይን የሚባለው ካሜራ ድንገተኛ እንቅስቃሴ ካየ ወዲያው ለሰፈሩ ደኅንነት ጣቢያ ያስተላልፋል። ልጆች ይህን ሁሉ የሚማሩት ከፊደል በፊት ነው፤ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ በዜማ ይዘምሩታል።

መሣሪያ የማይፈልግ ባለሱቅ መብት አለው። በሩ ላይ ቀይ ቀለበት ይሰቅላል፤ ከዚያ በኋላ የታጠቀ አይገባም። ነገር ግን ሌላውን ትጥቅ ያስፈታ ራሱ ይጠብቅ ስለሚባል፣ ከቀለበቱ በታች ያለፈ ሰው ሁሉ ነፍስ በባለሱቁ እጅ ነው። ከብሩክታዊት ጎን አበባ ትሸጥ የነበረችው ትርሲት ሰቅላ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰው ቀለበቱን አይቶ እንዳላየ ገባና አንዲት ደንበኛዋን አቆሰለ። ሰውየው ታሰረ፤ ትርሲትም ታሰረች። አበቦቿ መስኮቱ ላይ እንደደረቁ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ላይ ቀለበት የሰቀለ የለም።

አቶ እንግዳወርቅ ከመጋረጃው ኋላ መቀመጥ አልወደዱም። ጋቢያቸውን ለብሰው በልጃቸው የስፌት መኪና አጠገብ በርጩማ ላይ ይውላሉ።

«ብሩኬ፣ እነዚህ ሰዎች ፎቶ ሊነሱ ነው እንዴ?» አሉ በመጀመሪያው ቀን፣ በግድግዳው ዙሪያ ጉልበቱን ይዞ የተደረደረውን ደንበኛ እያዩ።

«ዝም በል አባዬ።»

«ፈገግ በሉ እንጂ ታዲያ!» አሉ ለደንበኞቹ። አንዲት ሴት ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ እጇ ጉልበቷ ላይ መሆኑን ጎንበስ ብላ አረጋገጠች።

ሰዉ ወደዳቸው። ስለ መንዝ ውርጭ ሲያወሩ የሚያዳምጣቸው አላጡም። ብሩክታዊት ጠዋትና ማታ መርፌያቸውን ትወጋለች፤ ፊታቸው ወዘና አገኘ። አንድ ነገር ብቻ አስቸገራት። በዕድሜ የሚበልጣቸው ወይም ቆብ የደፋ ሰው ሲገባ ይነሳሉ። መነሳት ብቻ አይደለም፤ «ኖር!» ብለው የጋቢያቸውን ጫፍ ሰብስበው ወገባቸው ላይ ያደገድጋሉ። ለዚያች አፍታ እጃቸው ጋቢው ውስጥ ይጠፋል።

«ተቀመጥ አባዬ» ትላለች ትከሻቸውን ይዛ።

«ሰው እየገባ?»

አንድ ሐሙስ ቀን ኢዮስያስ የሚባል የባንክ ሠራተኛ አዲስ ኮቱን ሊሞክር መጣ። በቅርቡ ያገባ፣ ሲያስነጥስ እንኳን ሁለቴ ይቅርታ የሚጠይቅ ልጅ ነው። ብሩክታዊት ከመስታወቱ ፊት አቁማው እጅጌውን በመርፌ ቁልፍ እያስተካከለች ሳለ በሩ ተከፈተና የተቀደደ ካባ የያዙ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ገቡ። አቶ እንግዳወርቅ ብድግ አሉ።

«ኖር፣ እማሆይ!»

እጃቸው ጋቢው ውስጥ ገባ። ብሩክታዊት የኢዮስያስ ክንድ ከጣቶቿ መካከል ሲያመልጥ ተሰማት። ቀና ስትል ሽጉጡ አባቷ ደረት ላይ ተደቅኗል። ራሷ በሰፋችው ኪስ ውስጥ የነበረ ነው፤ ምንም ሳያንገራግር ነበር የወጣው።

እማሆይ ዓይናቸው ስለማያይላቸው የሆነው አልገባቸውም። «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ይቀመጡ» አሉና የሚቀመጡበትን በእጃቸው ይፈልጉ ጀመር።

አቶ እንግዳወርቅ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ኢዮስያስ ሽጉጡን መመለስ አቃተው፤ እጁ ኪሱን ሳተው። ብሩክታዊት የኮቱን ደረት ከፍታ ያዘችለት። ከመለሰ በኋላ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ አለቀሰ።

«ይቅርታ አባባ። እጅዎ ጠፋብኝ።»

«አይዞህ ልጄ፤ እዚሁ ነበር» አሉ አቶ እንግዳወርቅ። ከንፈራቸው ነጥቶ ነበር።

ሐመልማል የምትባል መኮንን ከጣቢያው ስትመጣ እማሆይ ካባቸውን ሰጥተው ሄደዋል። መኮንኗ መዳፏን አሳየች፤ የበሩ ዓይን ያየውን አየች፤ ኢዮስያስን በትሕትና አሰናበተች።

«ልጁ ያደረገው ትክክል ነው» አለች። «እጅ ተሰወረ፤ መዘዘ፤ አልተኮሰም። ሊመሰገን ይገባዋል።»

«አባቴ እኮ ለእማሆይ ነው የተነሳው።»

«ገብቶኛል። አያቴም ይነሱ ነበር።» መኮንኗ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን ከተደገመ ሱቁ ይታሸጋል። ወይ ቀለበት ይስቀሉ፣ ወይ አባትዎን ከዚህ ያርቁ።»

«የሚተኛው እዚህ ነው። ሌላ ቤት የለኝም።»

«ሰው ማስወጣት መብትዎ ነው፤ ምክንያቱን እንኳን አይጠየቁም። ቀለበት የሚያስፈልገው መሣሪያ ለማስወጣት ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ብሩክታዊት አባቷን ማስተማር ያዘች። ሱቁን ለምሳ ስትዘጋ በርጩማው ላይ ታስቀምጣቸውና ከበሩ ትገባለች።

«እኔ አሁን ቄስ ነኝ። ገባሁ። አትነሳም።»

«እሺ።»

ትገባለች። አቶ እንግዳወርቅ ከወገባቸው ከፍ ይላሉ።

«አባዬ!»

«ለአንቺ አልተነሳሁም። ለቄሱ ነው።»

ደግማ ትወጣለች፤ ደግማ ትገባለች። መጀመሪያ ይስቁ ነበር። እየቆየ ሳቁ ቀረ። አንዴ «እግሬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም የሚነሳው» አሉ፤ እሷም እግራቸው ላይ እጇን ጭና አብራቸው ተቀመጠች።

ጋቢውንም ወሰደችባቸው። በምትኩ እጅጌው ጠበብ ያለ፣ ኪስ የሌለው ወፍራም ካፖርት ልትሰፋላቸው ተነሳች። ልብስ ሰፊ እንደ ሐኪምና እንደ ፀጉር አስተካካይ ሰው የመንካት ፈቃድ አለው፤ ለሥራ ብቻ። ሜትሩን በአባቷ ደረት ዙሪያ ስታዞር ክንዶቿ በጀርባቸው በኩል ተገናኙ። የበሶና የሳሙና ሽታ ሸተቷት። ካደገች በኋላ ይህን ያህል ተጠግታቸው እንደማታውቅ ያኔ ነው ያስተዋለችው። ልኩን አንብባለች፤ ግን ሜትሩን ቶሎ አላነሳችም። አቶ እንግዳወርቅም አልተንቀሳቀሱም።

«ቀኝ ነህ ግራ አትዪኝም?» አሉ በመጨረሻ።

ኅዳር ሲገባ ተምረው ነበር። ሽማግሌ ይገባል፤ አሮጊት ትገባለች፤ አቶ እንግዳወርቅ በካፖርታቸው ውስጥ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያዩታል። ወሬም ቀንሰዋል። ደንበኞቹ «አባታችን ለመዱ» ይሏታል፤ እሷም «አዎ፣ ለመዱ» ትላለች።

አንድ ምሽት ራት እየበሉ፣ «ያ ቀለበት ቢሰቀልስ?» አሏት።

ብሩክታዊት የምትጎርሰውን መልሳ አስቀመጠች። «ደንበኛ አይመጣም አባዬ። የሚመጣው ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። አንድ ነገር ከተፈጠረ ደግሞ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ትርሲትን ነግሬሃለሁ።»

«እሺ።»

ሁለተኛ አላነሱባትም።

በታኅሣሥ መጀመሪያ የአቶ እንግዳወርቅ የንስሐ አባት መምሬ ጽጌ ለዓይን ሕክምና ከመንዝ መጡ። አቶ እንግዳወርቅን ያጋቡ፣ ብሩክታዊትን ያጠመቁ፣ ወይዘሮ ይመኙሻልን የቀበሩ ሰው ናቸው። ሱቁን እየጠየቁ አግኝተው ገቡ። ወንበሮቹ ሞልተው ነበር። መምሬ ከበሩ ላይ ቆመው ፊታቸው በራ።

«እንግዳወርቅ!»

ብሩክታዊት ከመኪናዋ ላይ ቀና አለች። አባቷ እንደተቀመጡ ናቸው። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ጣቶቻቸው ጨርቁን ጨምድደው ይዘውታል። ዓይናቸውን አላነሱም።

«እንደምን ሰነበቱ መምሬ» አሉ ለጉልበታቸው።

መምሬ ጽጌ ጠበቁ። የተነሳላቸው የለም። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ሄደ።

«ተጣላን እንዴ?»

«አልተጣላንም፤ ምን በወጣን።»

«ምነው ታዲያ?»

«ሕግ ነው።»

«የማን ሕግ?»

«የሱቅ» አሉ አቶ እንግዳወርቅ።

መምሬ ራሳቸው ወደ በርጩማው ሄዱ። «በል ግድ የለም፤ አንተ ካልተነሳህ እኔ ጎንበስ እላለሁ» ብለው መስቀላቸውን ሊያወጡ እጃቸውን ካባቸው ውስጥ አስገቡ።

በግድግዳው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። የልብስ መንኮሻኮሽ ብቻ ነበር የተሰማው።

«እጅ!» ብላ ጮኸች ብሩክታዊት። «መምሬ፣ እጅዎን! እጅዎን ያውጡ!»

መምሬ ጽጌ ደነገጡ። ባዶ እጃቸውን አውጥተው ወደ ላይ አነሱ። ያጠመቋትን ልጅ በግራ መጋባት አዩዋት። ወንበሮቹ ላይ ያሉት ሰዎች እጆች አንድ በአንድ ወደ ጉልበታቸው ተመለሱ። ጥግ ላይ የነበረች ሴት «ይፍቱኝ አባቴ» አለች በቀስታ።

«መስቀል ነበር» አሉ መምሬ።

«አውቃለሁ» አለች ብሩክታዊት። «በጣም ቀስ ብለው፣ በሁለት ጣት ማውጣት ይችላሉ።»

መምሬ ጽጌ መስቀሉን አላወጡም። «ይቅር። ሲመቸን እንገናኛለን» አሉና እጃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ ወደ ኋላ እየተራመዱ ወጡ። አቶ እንግዳወርቅ በመስኮቱ አሻግረው እስኪሰወሩ ድረስ አዩዋቸው። ካፖርታቸው ጉልበት ላይ እርጥብ ነጠብጣብ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መርፌያቸውን ከተወጉ በኋላ፣ «ልጄ፣ ውሰጂኝ» አሉ።

«የት?»

«ቤቴ።»

«እዚያ ማን አለህ? ማን ይወጋሃል?»

«የጎረቤታችን የአስካለ ልጅ አለች። ታውቅበታለች።»

«ብትወድቅስ?»

«መሬት ነው፤ አውቀዋለሁ።»

ብሩክታዊት ለመነች። ተቆጣች። ከመጋረጃው ኋላ ሊውሉ እንደሚችሉ፣ ሬዲዮ እንደምትገዛላቸው ነገረቻቸው። አቶ እንግዳወርቅ ሰምተው ሲጨርሱ እጇን ያዙ።

«በአንቺ አልተቀየምኩም። አንቺ ሥራሽ ነው። ግን ትላንት ያ ሰው እጁን ሽቅብ አንስቶ ሲወጣ እኔ ቁጭ ብዬ አየሁት። ይህን ከለመድኩ ሌላ የማልለምደው ምን ይኖራል?»

ይህን ሲናገሩ ቀለበቱን እንድትሰቅል አልጠየቋትም። ቢጠይቋት ምን እንደምትል አሰበች። እሷም አላነሳችውም። ያን ሳምንት ለሠርግ የታዘዘ ሥራ ነበራት፤ ሚዜዎቹ ሁሉ ኪስ ይፈልጋሉ።

ቅዳሜ መናኸሪያ ሸኘቻቸው። ጋቢያቸውን መልሳ ሰጥታቸዋለች፤ ካፖርቱንም ጠቅልላ ጨምራላቸዋለች። አውቶቡሱ ሾፌር የለውም፤ ሰዓቱ ሲደርስ በሮቹ ይዘጋሉ። በመስኮቱ በኩል አንድ ነገር አሏት፤ መስታወቱ ወፍራም ስለነበር አልሰማችም። «ምን?» አለች። እሳቸው ግን ተሰምቻለሁ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በየእሑዱ ትደውል ነበር።

«መርፌውስ?»

«እየተወጋሁ ነው።»

«የአስካለ ልጅ ትመጣለች?»

«ትመጣለች እንጂ።»

«ሰውስ ይጠይቅሃል?»

«እዚህ እንደ ልቤ ነው የምነሳው» አሉ አንዴ። «የሚገባ ሰው ነው የጠፋው።» ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሳል አቋረጠው። ብሩክታዊት ስልኩን ይዛ ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቀች። ሱቁ ውስጥ አንድ ደንበኛ «መሐረብ» ሲል ይሰማታል።

በጥር አንድ እሑድ የአባቷ ስልክ አልተነሳም። ማክሰኞ መምሬ ጽጌ ደወሉ። አቶ እንግዳወርቅን ያገኟቸው እሳቸው ናቸው፤ በሩን ከፍተው ሲገቡ ከምድጃው አጠገብ ወድቀው ነበር። ብሩክታዊት ስለ አስካለ ልጅ ጠየቀቻቸው።

«እሷማ ለትምህርት ከሄደች ሁለተኛ ዓመቷ» አሉ መምሬ። «አልነገረሽም?»

ቀብሩ ላይ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ብሩክታዊት ስትደርስ የተቀመጡት ሁሉ ተነሱላት፤ እሷ ግን ደንግጣ ወደ ኋላ አፈገፈገች። መምሬ ጽጌ መጥተው ያዟት። ከዚያ አቀፏት፤ እሷም ክንዶቿን የት እንደምታደርግ ለጊዜው ጠፍቷት ቆየች።

በሚያዝያ ቀይ ቀለበቱን ሱቋ በር ላይ ሰቀለች። ደንበኛ አልመጣም፤ በሰኔ ሱቁ ተዘጋ።